የአብራሪው ደመወዝና የተሳፋሪው ደኅንነት



በአሜሪካ ለታላላቆቹ አየር መንገዶች በውል የሚበሩ አነስተኛ ድርጅቶች አብራሪን የሚከፍሉት በአብዛኛው አውሮፕላኑ ከቆመበት ተንቀሳቅሶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ባለው ሰዓት ነው። በዝግጅትና በጥበቃ የሚያልፈው ጊዜ እምብዛም አይታሰብም። በቀን አራት አጫጭር በረራ የሚያደርግ አብራሪ ድካሙ ብዙ፣ የሚቆጠርለት ሰዓት ግን ጥቂት ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2009 በቡፋሎ አጠገብ የወደቀው የኮልጋን አውሮፕላን የ50 ሰዎች ሕይወት አጥፍቷል። መርማሪዎች ምክንያቱ የካፒቴኑ የተሳሳተ አያያዝ መሆኑን ቢገልጹም፣ ረዳት አብራሪዋ ሌሊቱን ከሲያትል ተጉዛ ኒዋርክ ለሥራ መግባቷ የደመወዝን ማነስና የድካምን ጉዳይ አደባባይ አወጣው። ከ2014 ጀምሮ የጸናው ደንብም ከሥራ በፊት የ10 ሰዓት ዕረፍትን ግዴታ አደረገ።

በ2022 የአብራሪ እጥረት ሲበረታ ኤንቮይ፣ ፒድሞንትና ፒኤስኤ የጀማሪ ረዳት አብራሪን ክፍያ በሰዓት 90 ዶላር አደረሱት፤ ከፊሉ ግን ጊዜያዊ ጭማሪ ነበር።

ቦነስ አብራሪን ወደ ሥራ ይጠራል እንጂ አያሳርፈውም። ስለዚህ ለድርድር የሚቀመጥ ማኅበር ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ አብራሪው በሥራ ጣቢያው አቅራቢያ ቤት ይዞ ለመኖር የሚያስችለውን ቋሚ ደመወዝና እንቅልፉን የሚጠብቅለትን የሥራ ሰሌዳ ነው።