የዒድ ሶላት በሕዝብ መናፈሻ፦ ፈቃዱና አማናው

   

የዛሬው ርእሳችን ለአንዳንዶቻችሁ የቢሮ ጉዳይ እንጂ የዲን ጉዳይ መስሎ ላይታያችሁ ይችላል። ነገር ግን በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምንኖር ሙስሊሞች ዒድ በደረሰ ቁጥር የሚነሳ ጥያቄ ነው። መስጂዱ ጠቦናል፣ አዳራሽ መከራየት ውድ ነው፣ መናፈሻው ደግሞ ሰፊና አረንጓዴ ነው። ታዲያ ፈቃድ እንጠይቅ ሲባል “አላህን ለመገዛት እንዴት የሰው ፈቃድ ይጠየቃል?” የሚሉ ወንድሞች አሉ። ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ነውና በወጉ ሊመለስ ይገባል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የዒድን ሶላት መስጂዳቸው ያን ሁሉ ደረጃ እያለው ወደ ሙሶላው ሜዳ ወጥተው ይሰግዱ ነበር። ሴቶችም፣ ልጃገረዶችም፣ በወር አበባ ላይ ያሉትም ሳይቀሩ እንዲወጡ አዘዋል፤ እነዚህኞቹ ከመስገጃው ራቅ ብለው የሙስሊሞችን ዱዓእ ይካፈላሉ። ስለዚህ ወደ ሜዳ መውጣታችን ሱንና ነው፤ የቦታ ጥበት ብቻ ያመጣው አይደለም። ይሁንና የዛሬው መናፈሻ ባለቤት የሌለው ባዶ መሬት አይደለም። ሣሩ የሚታጨደው፣ ቆሻሻው የሚነሳው ሁሉም ሰው በሚከፍለው ግብር ነው። ውሻዋን ይዛ የምትንሸራሸረው አሮጊትና ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ከእኛ እኩል ድርሻ አላቸው። ሁለት ሰዎች ዛፍ ሥር ዙህርን ቢሰግዱ ማንም ፈቃድ አይጠይቃቸውም። ፈቃድ የሚመጣው ቁጥሩ ሲበዛ፣ ቦታ ሲያዝ፣ ድምፅ ማጉያና ድንኳን ሲተከል ነው። የሚጠየቀው ኢባዳው አይደለም፤ ተራው ነው።

ቁጥሩም እንደ ከተማው ይለያያል። በኒውዮርክ ከተማ መናፈሻዎች ከ20 ሰው በላይ የሚሰበሰብበት ዝግጅት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ድምፅ ማጉያ ካለ ደግሞ ከፖሊስ ጣቢያ ሌላ ፈቃድ ይወጣለታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የተመለከተው የቺካጎ ደንብ ከ50 ሰው በላይ የሚል ነበር። በዋሽንግተን የፌዴራሉ መንግሥት የሚያስተዳድራቸው ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ደንቡ 25 ሰው ወይም ከዚያ በታች ያለ ፈቃድ እንዲሰበሰብ ይፈቅዳል፤ በአንዳንድ የተለዩ ቦታዎች ቁጥሩ ከዚህ ከፍ ይላል። እዚህ ላይ “እንግዲያው 25፣ 25 እየሆንን ጎን ለጎን እንቁም” የሚል ብልጥ አይጠፋም። ደንብ አውጪዎቹ ቀድመውታል፤ አንዱ ቡድን የሌላው ቅጥያ ከሆነ አይሠራም ብለው ጽፈዋል።

በዚሁ የዋሽንግተን ደንብ ላይ ሕዝባችንን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ። የአምልኮ ሥነ ሥርዓት የተመደበው ከንግግርና ከሰልፍ ጋር “ዴሞንስትሬሽን” በሚለው ቃል ሥር ነው። አገር ቤት ሰላማዊ ሰልፍ የሚለው ቃል ምን እንደሚያስታውስ የምናውቅ አባቶች ማመልከቻው ላይ ይህን ስናነብ ብዕሩን ብናስቀምጥ አይገርምም። “እኛ የመጣነው ልንሰግድ ነው እንጂ ማንን ተቃውመን?” ይላሉ። ግን ቃሉ እኛን ጠቃሚ ነው። የበዓል ድግስ፣ ትርኢትና ውድድር “ልዩ ዝግጅት” በሚባለው ሌላ ክፍል ይመደባሉ። ሶላቱና ኹጥባው ግን ሐሳብን የመግለጽ መብት ያለው ጥበቃ አለው፤ ማመልከቻውም እስከ 48 ሰዓት አስቀድሞ ሊገባ ይችላል። ሶላቱን ሰግደን እዚያው የልጆች ጨዋታና ምግብ ካለን ሁለቱንም አንድ በአንድ መግለጽ ይገባል። የምግብ ሽያጭ ካለበት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይከተላል።

ከሁሉ የሚከብደው ቀኑ ነው። ቢሮው ማመልከቻው ላይ ቀን ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ጨረቃ እንጠብቃለን። የሰሜን አሜሪካ የፊቅህ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 የሥነ ፈለክ ስሌትን መቀበሉን ሲያሳውቅ፣ በዓይን ማየትን የሚጠብቁ ጀመዓዎች ዛሬም ብዙ ናቸው። የኺላፉን ጉዳይ በዚህ አጭር ጊዜ አንፈታውም። መፍትሔው ከቢሮው በኩል ቀላል ነው፦ ሁለት ተከታታይ ቀናት ብሎ ማመልከት፣ ምክንያቱንም በሁለት መስመር መጻፍ፣ ዒዱ በታወቀ ማግስት የማያስፈልገውን ቀን ወዲያው ማስለቀቅ። ለራስ የያዙትን ቀን ሳያስለቅቁ መቅረት ሌላ ቤተሰብ ልደት ሊያከብርበት የሚችለውን ሣር በከንቱ መያዝ ነው። ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ስልክ እየተደዋወልን ስንከራከር ይህ ሁሉ ይረሳል።

ቢከለከሉስ? ይህንን ማወቅ ለኛ ለአናሳዎች ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተመለከተው አንድ ጉዳይ የተነሣው ከዚሁ ከሜሪላንድ፣ ሃቭር ደ ግሬስ ከምትባል ከተማ ነው። የይሖዋ ምሥክሮች በከተማዋ መናፈሻ ስለ እምነታቸው ለመናገር ፈቃድ ጠየቁ። የከተማው ምክር ቤት ስለ ቦታውና ስለ ሥርዓቱ በመጠየቅ ፈንታ ለባንዲራ ስለ መሳለም ምን እንደሚያምኑ ጠየቃቸው፤ ከለከላቸውም። ሳይፈቀድላቸው ቢናገሩ ታሰሩ፤ ተፈረደባቸውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረው። በ1953 ደግሞ በሮድ አይላንድ ፖተኬት ከተማ የዚሁ እምነት ሰባኪ መናፈሻ ውስጥ በመናገሩ 5 ዶላር ተቀጣ፤ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ሥርዓተ አምልኮ ግን በዚያው መናፈሻ አይከለከልም ነበር። ይህም ተሻረ። እነዚህ ሰዎች በዐቂዳ ከኛ ጋር ምን ያህል እንደሚራራቁ ይታወቃል። ሆኖም ዛሬ ሶፍ ሠርተን የምንቆምበት ሣር ላይ የነርሱም ድካም አለ። ሰውን የማያመሰግን አላህን አላመሰገነም የሚለውን የነቢያችንን ትምህርት እናውቃለን።

እንግዲህ ባለሥልጣኑ ቦታው ተይዟል፣ ቁጥራችሁ ከቦታው በላይ ነው ቢል መብቱ ነው። ከላይ ያነሣነው የ2002ቱ የቺካጎ ውሳኔም ይህንኑ አጽድቋል፤ ፈቃዱ የሚናገሩትን ነገር እያየ የማይሰጥና የማይከለክል፣ ግልጽ መመዘኛና ይግባኝ ያለው እስከሆነ ድረስ ሕጋዊ ነው። “ምን ልታስተምሩ ነው?” ብሎ ከጠየቀ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በቁጣ ሳይሆን ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ወረቀቱን አስቀምጡ፣ ይግባኝ በሉ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። 600 ሰው እንደሚመጣ እያወቁ ማመልከቻው ላይ 150 ብለው የሚጽፉ ኮሚቴዎች እንዳሉ እንሰማለን። ክፍያው እንዲያንስ፣ ኢንሹራንስ እንዳይጠየቅ ነው አሉ። ይህ ውሸት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ለዒድ ሶላት ብሎ መዋሸት ደግሞ ከተራ ውሸት ይብሳል እንጂ አይቀልም። ቁርኣን ቃል ኪዳናችሁን ሙሉ ሲለን ከሙስሊም ጋር የገባነውን ብቻ አላለም። አንዳንድ ጊዜ ውሸት ሳይታሰብበት ይመጣል፤ ቆጣሪው ወንዶቹን ብቻ ቆጥሮ እናቶችንና ልጆችን ይረሳል። ከዚያ መጸዳጃው አይበቃም፣ መኪና ማቆሚያው ይሞላል፣ የጎረቤት በር ይዘጋል። ተጠያቂው የፈረመው አንድ ወንድም ይሆናል።

ቡናችንንም እናንሳ። ቡና ያለ ከሰል፣ ከሰል ያለ እጣን አይሆንልንም። ብዙ መናፈሻዎች ግን እሳት የሚፈቅዱት በተሠራለት መጥበሻ ላይ ብቻ ነው፤ ምድጃ ሣር ላይ ማስቀመጥ ሣሩን ያቃጥለዋል። ፍሙን ዛፍ ሥር መድፋት ሥሩን ይገድላል፣ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ሕፃንም ይረግጠዋል። ቡናው ከቤት ተፈልቶ በፔርሙስ ቢመጣ ዒድነቱ አይጎድልም። የድንኳን ካስማ ከመትከላችሁ በፊት ከሥር የውኃ ቧንቧ መኖሩን ጠይቁ። ኡድሒያ የሚታረደው በቄራ ነው፤ በመናፈሻ አይታሰብም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መንገድ ዳር ለሚቀመጡ ሰዎች ለመንገዱ ሐቁን ስጡ ብለው፣ ዓይንን መስበርን፣ ሰውን አለማስቸገርን፣ ሰላምታ መመለስን ከሐቁ ቆጥረዋል። በኹጥባው ሰዓት በአጠገባችን የሚያልፍ መንገደኛ ቆም ብሎ ቢያየን ሰላምታ የሚመልስለት ሰው ከዳር ይመደብ።

ኮሚቴዎች ቁጥር ሲጠይቋችሁ በቤታችሁ ያለውን ሰው ሁሉ፣ የሚጠባውንም ሕፃን ሳይቀር ቆጥራችሁ ንገሯቸው። ከሶላቱ በኋላ ለጽዳት የሚቆዩ ዐሥር ወጣቶች ስማቸው ከዒዱ ሌሊት በፊት ይመዝገብ፤ ሁሌ የሚቀሩት እነዚያው ሦስት አባቶች ናቸውና።