ፔዳል የሌለው የሕፃናት ብስክሌት ስለ መምረጥ

(የማኅበራችን ጸሐፊ በወርኃዊው የአባላት ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር ነው። ስብሰባው ላይ ላልተገኙት እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ በተወሰነው መሠረት ቀርቧል።)



አሁን የምናገረው ስለ ውሃ ቆጣሪና ስለ ጥበቃ መዋጮ አይደለም፤ እሱን በአጀንዳ ቁጥር 3 ላይ እንደርስበታለን። የምናገረው ስለ ትንንሽ ልጆቻችን ብስክሌት ነው። ነገሩ ቀላል መስሏችሁ እንዳትስቁ። ካለፈው መስከረም ወዲህ በግቢያችን ፔዳል የሌላቸው፣ ሕፃኑ መሬቱን በእግሩ እየገፋ የሚሄድባቸው ብስክሌቶች በርከት እያሉ መጥተዋል። ያልገዙትም ወላጆች «እኛስ የትኛውን እንግዛ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ገንዘብ የሚወጣበት፣ የልጅም ጥርስና ግንባር ያለበት ጉዳይ ስለሆነ ኮሚቴው ተነጋግሮበት እንዳስረዳ አዞኛል።

በመጀመሪያ ለማያውቁት ልግለጽ። ይህ ብስክሌት ሁለት ጎማ፣ መሪና ኮርቻ አለው። ፔዳልም ካቴናም የለውም። ልጁ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ሁለት እግሩን መሬት ላይ እያሳረፈ ይራመዳል፣ ቀጥሎ ይሮጣል፣ በመጨረሻ እግሩን አንሥቶ ይንሸራተታል። አንድ አባት «ፔዳሉን ሰረቁባችሁ እንዴ?» ሲሉ ሰምቻለሁ። አልተሰረቀም። እንዲያውም የብስክሌት መጀመሪያው ይኸው ነው። ካርል ፎን ድራይስ የሚባል ጀርመናዊ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1817 ማንሃይም በተባለች ከተማ የነዳው ከእንጨት የተሠራ ባለ ሁለት ጎማ መንኮራኩር ፔዳል አልነበረውም፤ ትልቁ ሰውዬ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ነው የሄደው። ፔዳል የተጨመረው በ1860ዎቹ በፈረንሳይ አገር ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ ራያን ማክፋርላንድ የተባለ አሜሪካዊ ለሁለት ዓመት ልጁ የሚሆን ብስክሌት ቢያጣ ከትንሽ የልጅ ብስክሌት ላይ ፔዳሉንና ትርፍ ብረቱን አውጥቶ አቀለለትና በ2007 ስትራይደር የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ። ይህን ያነሣሁት ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም፤ በኋላ ወደ ቁልፍና ወደ ብሎን ስንመጣ ይጠቅመናል።

«ከኋላ ሁለት ትንንሽ ረዳት ጎማ ያለው አይሻልም ወይ?» ለሚሉ ደግሞ መልሱ አጭር ነው። ብስክሌት መንዳት ማለት ሚዛን መጠበቅ ማለት ነው። ፔዳል መምታት ቀላሉ ክፍል ነው። ረዳት ጎማ ያለው ልጅ ፔዳል መምታቱን ይለምዳል፣ ሚዛኑን ግን ረዳቱ ጎማ ስለሚጠብቅለት አይለምድም። ረዳቱ የተፈታ ዕለት እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ያውም በፍርሃት። ፔዳል በሌለው የጀመረው ልጅ ግን ከባዱን አስቀድሞ ስለጨረሰ ወደ ባለ ፔዳሉ ሲሻገር ብዙውን ጊዜ አይቸገርም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እኛ ለልጅ ዕቃ ስንገዛ አንድ ልማድ አለን፤ «ያድግበታል» እንላለን። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እጅጌው እስከ ጣት ድረስ ይደርሳል፣ ጫማው ከፊት በጨርቅ ይጠቀጠቃል፣ በቃ ያድግበታል። ለዩኒፎርም ልክ ነው፣ ኑሮው ያስገድዳል። ለዚህ ብስክሌት ግን አይሠራም። ምክንያቱም የልጁ እግር ሞተሩም ፍሬኑም ነው። ሰፊ ሹራብ የለበሰ ልጅ ምንም አይሆንም። ከፍ ያለ ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ልጅ ግን መሬቱን የሚነካው በጣቱ ጫፍ ብቻ ስለሆነ መግፋትም ማቆምም አይችልም። ወደ ጎን ሲያዘነብል እግሩ አይደርስለትም፣ ይወድቃል፤ ሁለት ቀን ከወደቀ በሦስተኛው ቀን አልነካም ይላል። በየበረንዳችን ላይ ልብስ ማስጫ ሆነው የቀሩትን ብስክሌቶች ቁጠሯቸው። አብዛኞቹ የተበላሹ አይደሉም፣ የተገዙት ትልቅ ሆነው ነው።

ስለሆነም የሚመረጠው በዕድሜ ሳይሆን በእግር ልክ ነው። ካርቶኑ ላይ «ከ2 እስከ 5 ዓመት» ተብሎ ቢጻፍም አትመኑት። በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ልጆች እግራቸው በብዙ ሳንቲ ሜትር ይበላለጣል፤ ይህን ልብስ ሰፊ ሁሉ ያውቀዋል። አለካኩም እንዲህ ነው። ልጁ የዘወትር ጫማውን አድርጎ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቁም። ጠንካራ ልባስ ያለው መጽሐፍ በሁለት እግሮቹ መካከል አስገብታችሁ ጀርባው ወደ ላይ እንዲሆን ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጉት። ከመጽሐፉ ጀርባ እስከ ወለሉ ያለውን በሜትር ለኩ። የኮርቻው ከፍታ እስከ ታች ሲወርድ ከዚህ ልኬት በ2 ወይም በ3 ሳንቲ ሜትር ያነሰ መሆን አለበት። ለምሳሌ የልጁ ልኬት 36 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ኮርቻው ወደ 33 ወይም 34 መውረድ አለበት። እንዲህ ሲሆን ልጁ ተቀምጦ ሁለት ተረከዙ መሬት ይነካል፣ ጉልበቱም ትንሽ እጥፍ ይላል። ኮርቻው ወደ ላይም የሚሳብ ከሆነ እሰየው፤ የሚያድግበት ያ ነው።

ሱቅ ስትሄዱ እንግዲህ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ባለ ሱቁ «ለልጅዎ ልክ ነው እናቴ» ይላል፣ ልጅዎን ግን አይቶት አያውቅም። ልጁን ይዞ መሄድ ከሁሉ ይሻላል።

ከቁመቱ ቀጥሎ ክብደቱ ነው። ብስክሌቱ ከልጁ ክብደት ከመቶ 30 እጅ ባይበልጥ ጥሩ ነው። 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 3 ኪሎ ተኩል ገደማ ማለት ነው። እናንተ 70 ኪሎ የምትመዝኑት ሰዎች 40 ኪሎ ብስክሌት ግፉ ብትባሉ ምን ትላላችሁ? ልጁ ሲወድቅ ራሱ ማንሣት የሚችለውን ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት ሙዚቃ የሚጫወተውን፣ መብራት የሚያበራውን፣ ቅርጫትና የኋላ መቀመጫ ያለውን አልመክርም። ለዓይን ያምራል፣ ለልጅ ግን ሸክም ነው።

ስለ ጎማው፣ ድፍን የስፖንጅ ዓይነት ጎማ አይፈነዳም፣ ቀላልም ነው፤ ቤት ውስጥና ለስላሳ ሲሚንቶ ላይ ይበቃል። የእኛ ግቢ ግን ግማሹ ኮብልስቶን ነው። በኮብልስቶን ላይ አየር የሚሞላው ጎማ ይሻላል፣ የልጁን እጅና ወገብ አያንቀጠቅጥም፣ እርጥብ ላይም የተሻለ ይይዛል። ካላማዳሪው ሲፈነዳ በር ላይ ጎሚስታ አለን፣ ችግር የለም። ደረቅ ፕላስቲክ ጎማ ያለውን ግን ተዉት።

ፍሬን አስፈላጊ ነው ወይ ለሚለው፣ የሁለት ዓመት ልጅ ጣቱ የእጅ ፍሬን ለመጨበጥ ጉልበት የለውም፤ በእግሩ ነው የሚያቆመው። ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ እያዩ ማስለመድ ነው። የመሪው ጫፍና ጫፍ በወፍራም ጎማ የተሸፈነ፣ የጎማው ዳዶ ወደ ውጭ አፍጥጦ የልጁን ቁርጭምጭሚት የማይቧጭር መሆኑንም በእጃችሁ ዳስሱ።

አሁን አዲስ ለመግዛት አቅም ለሌለን ልናገር፣ ይኸውም ለብዙዎቻችን ማለት ነው። የታላቅ ወንድም ወይም የጎረቤት ባለ 12 ኢንች ብስክሌት ካለ ፔዳሉን ፈትቶ መጠቀም ይቻላል፤ ማክፋርላንድም የጀመረው እንዲሁ ነው። የቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን በባለ 15 ቁልፍ ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል። የግራው ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ፣ ማለትም የሰዓት ቆጣሪ በሚዞርበት አቅጣጫ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ጥርሱን ጨርሶ ይበላዋል። ፔዳሉ የሚታሰርበትን ክንድና ካቴናውንም አብሮ ማውጣት ነው፤ ካልወጣ ክንዱ የልጁን ባት ይመታል። አንድ ነገር ግን አስተውሉ። ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚያቆም ብስክሌት ካቴናው ከወጣ ፍሬን የለውም ማለት ነው። እንዲሁም እነዚህ ብስክሌቶች ኮርቻቸው እስከ ታች ወርዶ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው፤ ክብደታቸውም ከ7 ኪሎ ያላነሰ ብዙ ነው። ስለዚህ ለአራት ዓመት ልጅ እንጂ ለሁለት ዓመቱ አይሆንም። አሁንም ሜትሩ ይወስን።

አናጺ ቢሠራውስ? ልጆቻችን በኩሽኔታና በጣውላ ጋሪ የሚሠሩ ናቸው፣ ሙያው በሰፈሩ አለ። ጥሩ አናጺ ከወፍራም ኮምፔንሳቶ ሊሠራው ይችላል። ለኮርቻው ሁለት ሦስት የከፍታ ቀዳዳ ያብጅለት፣ መሪው የሚዞርበት ላይ ምስማር ሳይሆን ብሎንና ዳዶ ይሁን፣ ጠርዙ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። ኩሽኔታውን ግን በጎማነት አትቀበሉ። ድምፁን የምንሰማ እኛ ነን፣ ልጁንም ኮብልስቶኑ ላይ ይጥለዋል።

ከዱባይም ከአሜሪካም ዘመድ የሚልክላችሁ ካላችሁ ደግሞ «ልጁ ሦስት ዓመቱ ነው» ብላችሁ አትላኩ። «የእግሩ ልክ 38 ሳንቲ ሜትር ነው» በሉ። ዘመድ ይሉኝታ ስላለበት ትልቁን ነው የሚገዛው፤ ያ ሁሉ ኪሎ በሻንጣ ተጭኖ መጥቶ ሁለት ዓመት አልጋ ሥር ይቀመጣል።

ስለ ሄልሜትም ልናገር፣ ምክንያቱም ብስክሌቱን ገዝተው እሱን የሚተዉ አሉ። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ስፋት ብቻ ለቆ ግንባርን መሸፈን አለበት። ወደ ኋላ የተንጋለለ ሄልሜት ግንባርን አያድንም። ማሰሪያው ከአገጭ ሥር አንድ ጣት የሚያስገባ ይሁን። ጫማው የተሸፈነ ይሁን፣ በነጠላ ጫማ አይሆንም። የጫማውም አፍንጫ ቶሎ እንደሚያልቅ ከወዲሁ እወቁት፤ አሮጌውን ለዚህ ሥራ መድቡት።

ሲለማመድ መሪውን አትያዙበት። መሪውን ከያዛችሁት ሚዛኑን የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ። ቢያስፈልግ ልጁን ከብብቱ ሥር ደገፍ አድርጉት። አትግፉትም። የመጀመሪያው ሳምንት ብስክሌቱን በእግሮቹ መካከል አድርጎ ቆሞ ቢራመድ ይበቃዋል፣ መቀመጡ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ገና በእግሩ ጸንቶ ያልሄደውን ሕፃን ደግሞ ጭራሽ አታስቀምጡት። ሴቷንም ወንዱንም ነው የምለው። «ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል» የሚል ቃል ደረጃው ላይ ሰምቻለሁ፣ መልስ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሴቱም ወንዱም በብስክሌት ሥራውን ይሄዳል።

በመጨረሻ ከሁሉ የሚያሳስበኝን ላንሣ፤ የሚነዱበት ቦታ ነው። ከብሎክ 4 ወደ ዋናው በር የሚወርደው ዳገት በምንም ዓይነት አይፈቀድም። ፔዳል የሌለው ብስክሌት ቁልቁል ከጀመረ የሕፃን እግር አያቆመውም፣ ታች ደግሞ በሩ ክፍት ነው፣ አስፋልቱም እዚያው ነው። ባለፈው ወር አንድ ልጅ ወርዶ ጥበቃው እጁን ዘርግቶ የያዘው በአጋጣሚ ነው። ሁለተኛው የመኪና ማቆሚያው ነው። ወደ ኋላ የሚሄድ ሹፌር በብስክሌት ላይ የተቀመጠን የሁለት ዓመት ልጅ በመስተዋት አያየውም፤ ከመኪናው የኋላ መስኮት በታች ነውና። የውሃ ቦቴውማ ይቅር።

በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» የተባለው ዝግጅት ሲጀመር አንዳንድ ዋና መንገዶች በወር አንድ እሁድ ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌት ተለቀዋል። ትልቅ ከተማ አስፋልቱን መዝጋት ከቻለ እኛ በብሎክ 6 እና በብሎክ 7 መካከል ያለችውን ደልዳላ ቦታ ቅዳሜና እሁድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት መዝጋት አያቅተንም። የመኪና ባለቤቶች ቅሬታ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አምስት መኪና ነው ቦታ የሚቀይረው፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ። የተከፈተው የፍሳሽ ቦይም በዚያው በኩል ስለሆነ ክዳኑ እንዲሠራ ከመጠባበቂያው ሒሳብ ወጪ ይደረግ ብዬ ሐሳብ አቀርባለሁ። ድምፅ የሚሰጥበት በአጀንዳ ቁጥር 4 ነው፤ እባካችሁ ከአጀንዳ 3 በኋላ ወንበራችሁን ትታችሁ አትሂዱ።

ሜትርና ጠንካራ ልባስ ያለው መዝገብ በጽሕፈት ቤቱ ይገኛል። ቅዳሜ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ልጆቻችሁን ጫማ አድርጋችሁ አምጡ፣ ለክቼ በወረቀት ላይ እጽፍላችኋለሁ። ልጁ ያደገበት ብስክሌት ያላችሁም የኮርቻውን ከፍታ ለክታችሁ ብትነግሩኝ ከሚሆነው ልጅ ቤተሰብ ጋር አገናኛችኋለሁ፤ ሽያጩም ሆነ ስጦታው የእናንተ ጉዳይ ነው።