የሳንባ ልክ በማን መለኪያ?
(በጦር ኃይሎች ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



መሐንዲስ በሳንባ ጉዳይ ምን አገባው የሚል ጥያቄ በአንዳንዶቻችሁ ኅሊና ሳይመላለስ አይቀርም። ስሙን ከሆስፒታል ጋር በሚጋራው በዚህ ሰፈር ተሰብስበን ሳለ መልሱን ባጭሩ ልስጥ፤ ጉዳዩ የልክ ጉዳይ ነው፤ ልክ ደግሞ የሙያችን መሠረት ነው።

በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል። ኩላሊት የሚተከለው በታችኛው ሆድ፣ ሊለጠጥ በሚችል ስፍራ ስለሆነ የመጠን ልዩነትን በመጠኑ ይታገሣል። ሳንባ ግን በጎድን አጥንት በታጠረ ሣጥን ውስጥ የሚገባ ነውና የለጋሹና የተቀባዩ መጠን ሊመጣጠን ይገባል። ትልቅ ሳንባ በጠባብ ደረት ሲገባ ይጨማደዳል፤ ከፊሉን አየር አይደርሰውም፤ ልብንም ይጫናል፤ አንዳንድ ጊዜም ደረቱን ወዲያው መዝጋት አይቻልም። እጅግ ያነሰ እንደሆነ ደግሞ ከመጠን በላይ ይለጠጣል፤ ልብ የሚገፋው ደም ሁሉ ጥቂት በሆኑ ሥሮች ውስጥ ስለሚያልፍም ይጎዳል። ሁለቱም ሳንባዎች በሚተከሉበት ጊዜ የለጋሹ ከሚያንስ ይልቅ ጥቂት ቢበልጥ የተሻለ ውጤት እንደሚገኝ የቅርብ ዓመታት ጥናቶች አመልክተዋል።

ታዲያ መጠኑ እንዴት ይታወቃል? ሕይወቱ ያለፈ ለጋሽ በመለኪያ መሣሪያ ውስጥ ሊተነፍስ አይችልም። ስለሆነም ሐኪሞች ከቁመትና ከጾታ ተነሥተው በቀመር ይገምታሉ። በአውሮፓ የከሰልና የብረት ማኅበረሰብ ስም በሚታወቀው ቀመር የወንድ ቁመት በሜትር ተለክቶ በ7.99 ይባዛል፤ 7.08ም ይቀነስለታል፤ የሴት ቁመት በ6.60 ተባዝቶ 5.79 ይቀነስለታል። እያንዳንዳቸው 1.65 ሜትር የሆኑ ወንድና ሴት ብንወስድ የወንዱ ሳንባ 6.1 ሊትር፣ የሴቲቱ 5.1 ሊትር ይሆናል። በቁመት እኩል የሆኑት በሳንባ በአንድ ሊትር ተለያዩ ማለት ነው። ልኩ ፍትሕንም ይነካል፤ በአሜሪካ ቁመታቸው አጭር የሆነ ሕሙማን፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶች፣ የሚስማማቸውን ሳንባ የማግኘት ዕድላቸው አነስተኛ መሆኑ ተረጋግጧል።

ይሁን እንጂ ቀመር የሚመስለው የተለኩትን ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመው የሃሪሰንና የባልደረቦቹ ጥናት በስሜን አካባቢ በ3,000 ሜትር ግድም የሚኖሩትን የደባርቅ ሰዎች በ1,500 ሜትር ግድም ከሚኖሩት የአዲ አርቃይ ሰዎች ጋር አነጻጽሮ የደገኞቹ ደረትና የሳንባ አቅም የበለጠ ሆኖ አግኝቶታል። እንግዲህ ቁመትና ጾታ ብቻ የሚጠይቅ ቀመር ደጋና ቆላን አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1985 ሲጋራ የማያጨሱ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን በስፓይሮሜትር የተለኩበት ጥናት ታትሟል፤ ነገር ግን ይህ መሣሪያ የሚለካው የሚወጣውን አየር እንጂ ተንፍሰን ስንጨርስ በሳንባ ውስጥ የሚቀረውን አይደለም።

ስለዚህ የእኛ ድርሻ ግልጽ ነው። በሆስፒታሎች ያሉ የትንፋሽ መለኪያዎች በሦስት ሊትር መርፌ ዘወትር እንዲፈተሹ፣ ከቁመትና ከጾታ ጋር የተለካው ሰው ያደገበት ከፍታ እንዲመዘገብ፣ ለሌላ ምርመራ ከተነሣ የደረት ሲቲ ስካንም የሳንባ መጠን እየተሰላ እንዲቀመጥ ከሐኪሞች ጋር እንሥራ። የሳንባ ንቅለ ተከላ በአገራችን በሚጀመርበት ቀን የቀዶ ጥገናው ቢላዋ ተስሎ መለኪያው ግን የተውሶ እንዳይሆን ሥራው ከዛሬ ሊጀመር ይገባል።