ልስን ከመመታቱ በፊት

(የማኅበሩ ጸሐፊ በአባላት ስብሰባ ላይ ያሰማው ቃል)



ዛሬ ስለ ጥበቃና ስለ ቆሻሻ አይደለም የምናገረው። ቤት ሲሠራ ተጀምሮ ስለሚቀረው የኢንተርኔት ገመድ ነው።

ከአያት እስከ ሰሚት፣ ከገርጂ እስከ ቦሌ ቡልቡላ ብትዞሩ ሳያልቅ የተገባበት ቤት ሞልቷል። ኪራዩ ስለሚያንገበግብ ሰው በርና መስኮት እንደገጠመ ይገባል፤ ነውር የለውም። በቦሌ አራብሳና በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየምም ባለዕድሉ ቁልፉን ተረክቦ ውስጡን በራሱ ገንዘብ ነው የሚጨርሰው። ጣጣው ከግድግዳው ወጥቶ የተንጠለጠለው ገመድ ነው። ልጅ ይጎትተዋል፣ ለሳኙ በሲሚንቶ ይደፍነዋል፣ ፀሐይ ሲመታው ልባሱ ይሰነጠቃል። ከሦስት ዓመት በኋላ ገንዘብ ሲገኝ የትኛው ገመድ የት እንደሚሄድ የሚያውቅ ይጠፋል፤ የዘረጋው ሠራተኛም ስልኩን ቀይሯል። ከዚያማ ቀለም የተቀባውን ግድግዳ እንደገና መቦርቦር ነው።

እንግዲህ ገንዘብ ያጠረው ሰው ገመዱን ለጊዜው ይተወው፤ ቱቦውን ግን እንዳይተው። ቱቦ ልስን ከተመታ በኋላ አይገባም። በሶሌታ የሚያልፈው ደግሞ አርማታው ከመሞላቱ በፊት ከፌሮው ጋር መታሰር አለበት። ገመዱ ከርሞም ይገባል። ከየክፍሉ የሚመጣው ቱቦ አንድ ጥግ ላይ ይገናኝ፤ ፋይበሩ ከመንገድ የሚገባበትና የመብራት ሶኬት ያለበት ቦታ ቢሆን ይመረጣል። በየቱቦው ጠንካራ ሲባጎ አሳልፉና ጫፍና ጫፉን ስካቶላው ውስጥ አስሩት፤ አፉን በናስትሮ ድፈኑ፤ ላዩ ላይ «ሳሎን»፣ «የልጆች ክፍል» ብላችሁ ጻፉበት። ከመለሰኑ በፊት ሜትር ግድግዳው ላይ ዘርግታችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ገመድ የምትገዙም አላችሁ። ቀጭኑን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና አትግዙት።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ፤ ከመብራት መስመር ጋር በአንድ ቱቦ አይሂድ። ሠራተኛው «ቱቦው ሰፊ ነው፣ ይበቃል» ይላችኋል። እሺ አትበሉት። የተላጠ የመብራት ሽቦ ያንን ገመድ ከነካው 220 ቮልቱ ልጃችሁ የሚነካው ዕቃ ላይ ሊደርስ ይችላል።

«ፋይቭ ጂ እያለ ገመድ ለምኔ» የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። እውነት ነው፣ ኢትዮ ቴሌኮም በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አስጀምሮታል። ሆኖም ምድር ላይ የተቀመጠ ዋይፋይ ሁለት ሶሌታ አልፎ ፎቅ ሲደርስ ይደክማል፤ አርማታውና ፌሮው ይይዘዋል። ጂ ፕላስ ቱ የሚሠራ ሰው ይህን ያስብበት።

በመጨረሻ፣ ከአጥር በር እስከ ቤት ለውሃ ቦይ የምታስቆፍሩ አባላት እግረ መንገዳችሁን ለፋይበሩ ባዶ ቱቦ ቅበሩ። ቱቦውን በጥቅል ገዝተን ብንካፈል ይረክሳል ባይ ነኝ። የምትስማሙ ከስብሰባው በኋላ እኔ ዘንድ ተመዝገቡ፤ ስንት ሜትር እንደምትፈልጉ ለክታችሁ ኑ።