መጀመሪያ ቤቱ፣ ቀጥሎ ዶሮዋ

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር







በእንዲህ ያለው በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ መጋዘንና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነጋገር የተለመደ ነው። ስለ ዶሮ ግን ብዙም አይወራም። ዶሮ የምትታወሰው ፋሲካ ወይም እንቁጣጣሽ ሲደርስ ነው። ይሁንና በብዙ አርሶ አደር ቤት የጨው፣ የቡና፣ የሳሙናና የልጆች ደብተር ገንዘብ የሚወጣው ከጎተራው ሳይሆን ከእንቁላሉ ነው። ይህ ገንዘብ በአብዛኛው በእናቶች እጅ የሚገባ፣ ከእናቶችም እጅ ለቤት የሚወጣ ነው። ስለዚህ የዶሮ ጉዳይ የቤተሰብ ኑሮ ጉዳይ ነው።

እንደሚታወቀው በአገሪቱ ካሉት ከ50 ሚሊዮን በላይ ዶሮዎች አብዛኞቹ በገበሬው ጓሮ ጭረው የሚያድሩ የአገር ውስጥ ዝርያዎች ናቸው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን፣ በተለይም በ2015 ዓ.ም የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ በኋላ፣ የተሻሻሉ ቄቦችን በብድርና በድጋፍ የሚወስዱ አባወራዎችና እማወራዎች በርክተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ከሁለትና ከሦስት ዶሮ በላይ ይዘው አያውቁም። የዚህ ንግግር ዓላማም ለእነዚህ ጀማሪዎች የሚጠቅም፣ ለሚደግፏቸው ማኅበራትና መሥሪያ ቤቶችም የሚያሳስብ ነጥብ ማንሳት ነው። ነጥቡ ባጭሩ፣ ዶሮዋ ከመምጣቷ በፊት ቤቷ ይሠራ የሚል ነው።

የአንድ ሌሊት ኪሳራ

አንድ ምሳሌ ማየት ይበቃል። አንዲት የማኅበር አባል 20 ቄቦችን በብድር ወሰደች እንበል። ቄቦቹ ገና እንቁላል አልጀመሩም። ማደሪያቸው ከማድ ቤቱ ጎን በጭራሮ የተከለለች ጠባብ ጥግ ናት። በሦስተኛው ሳምንት በአንድ ሌሊት ሸለምጥማጥ ገብቶ 11ዱን ፈጀ። ጠዋት ስትነሳ ከአሥራ አንዱ የተበላችው አንዷ ብቻ ናት። የቀሩት አንገታቸው ተነክሶ ተጋድመዋል።

ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሸለምጥማጥና መሰሎቹ በተዘጋ ቦታ የሚንፈራገጡ ዶሮዎችን ሲያገኙ አንዷን በልተው አይመለሱም፤ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ይነክሳሉ። ሴትዮዋ ያጣችው የ11 ዶሮ ዋጋ ብቻ አይደለም። አንዲት የተሻሻለች ዶሮ በጓሮ አያያዝ በሳምንት አራት እንቁላል ብትጥል፣ 11 ዶሮ በሳምንት 44 እንቁላል ማለት ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት ቀርቷል። ብድሩ ግን አልቀረም። ዘጠኟም ዶሮ ብትሆን ደንግጣለችና እንቁላል ለመጀመር ትዘገያለች።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። ባልም ጎረቤትም ተሰብስቦ ክፍተቱን በድንጋይ ይደፍናል፣ ውሻውን እዚያው ያስራል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ይኸው ነው። የሚያሳዝነው፣ ለድፍኑ የዋለው ድንጋይና ጭቃ ቀድሞም እዚያው ግቢ ውስጥ የነበረ መሆኑ ነው።

ሌባው ማን ነው?

መከላከል የሚጀምረው ጠላትን ከመለየት ነው። ሁሉም አውሬ በአንድ መንገድ አይመጣም፤ ጥሎት የሚሄደውም ምልክት ይለያያል።

ዶሮዎች ሌሊት ቤታቸው ውስጥ ብዙ ሆነው ተነክሰው ከተገኙ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ሸለምጥማጥ ነው። ቀጭንና ተጣጣፊ ስለሆነ ጭንቅላቱን ባሳለፈበት ቀዳዳ ሰውነቱን ያሳልፋል፤ ግድግዳና ዛፍም ይወጣል። በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል የሚቀረው ክፍተት ለእሱ የተከፈተ በር ነው።

አንዲት ዶሮ ከነነፍሷ ከጠፋችና ላባ ብቻ እየተንጠባጠበ ወደ ቁጥቋጦ ከሄደ፣ ቀበሮ ወይም አነር ወስዷታል። እነዚህ ሲነጋና ሲመሽ፣ ዶሮዎች ከግቢ በራቁበት ሰዓት ያደባሉ። የጎረቤት ውሻም አይዘነጋ። ውሻ ቀን በቀን፣ ሰው በሌለበት ይገድላል፤ አንድ ጊዜ ከለመደም አይተውም።

ቀን ጫጩቶች አንድ ባንድ የሚጎድሉ ከሆነ ጭልፊት ወይም ቁራ ነው። ሌሊት ጫጩቶች ያለ ምንም ምልክት ካለቁ ደግሞ አይጥን፣ ድመትን ወይም እባብን መጠርጠር ይገባል። እንቁላል ሲጠፋም አይጥ፣ እባብና ቁራ ይጠረጠራሉ። አንዳንዴ ግን ሌባዋ ራሷ ዶሮዋ ናት፤ የኖራ እጥረት ያለባት ወይም የተሰበረ እንቁላል የቀመሰች ዶሮ እንቁላሏን መብላት ትለምዳለች።

ስለዚህ አንድ ጉዳት ሲደርስ ከመጥረግ በፊት ማየት ይገባል። ዶሮዋ የት ተገኘች? የቱ አካሏ ተበላ? ዱካው በየት ገባ? ይህን የሚመልስ ሰው የትኛውን ቀዳዳ መድፈን እንዳለበት ያውቃል።

ቤቱ እንዴት ይሠራ?

በየገጠሩ ዶሮ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ቆጥ ላይ ስታድር ኖራለች። ይህ ልማድ መነሻው ከአውሬ መጠበቅ ነው፤ ለሁለትና ለሦስት ዶሮም ሠርቷል። ለ20 ዶሮ ግን አይሆንም። ለሰውም ለዶሮም ጤና አይበጅም። የተለየ ቤት ያስፈልጋል።

ቤቱ ውድ መሆን የለበትም። እንጨት፣ ጭቃና ሣር ይበቃሉ። ዋናው ነገር የሚከተሉትን ማሟላቱ ነው።

አንደኛ፣ ስፋት። ለአንድ ካሬ ሜትር ከአምስት እስከ ስድስት ዶሮ ቢታሰብ ለጀማሪ ጥሩ ነው። ለ20 ዶሮ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ያህል ማለት ነው። ከዚህ በላይ ከተጨናነቁ ይነካከሳሉ፣ በሽታም ይዛመታል።

ሁለተኛ፣ ወለል። ቤቱ ከመሬት ከፍ ብሎ በቋሚዎች ላይ ከተሠራ ውኃ አይገባውም፣ የሚቆፍር አውሬም ያስቸግረዋል። መሬት ላይ ከተሠራ ግን በግድግዳው ዙሪያ ሁለት ስንዝር ያህል ተቆፍሮ ድንጋይ መሞላት አለበት።

ሦስተኛ፣ መስኮትና ሽቦ። ቤቱ አየር ያስፈልገዋል፤ የታፈነ ቤት የኩሳቸው ሽታ ዓይናቸውንና ሳንባቸውን ይጎዳል። መስኮቱ ግን በሽቦ ወንፊት መሸፈን አለበት። በተለምዶ የሚገዛው ሰፋፊ ዓይን ያለው ቀጭን የዶሮ ሽቦ ዶሮን ከመውጣት ይከለክላል እንጂ አውሬን ከመግባት አያግድም። ውሻ ይቀደዋል፣ አይጥና ትንሽ እባብ ያልፉበታል። ጠንካራና ጠባብ ዓይን ያለው፣ ትንሽ ጣት የማያሳልፍ ሽቦ ተፈልጎ በእንጨት ተጠርቆ መመታት አለበት።

አራተኛ፣ ጣሪያ። በግድግዳውና በጣሪያው መካከል የሚታይ ብርሃን ካለ፣ እሱ የሸለምጥማጥ መንገድ ነው። ሌሊት አንድ ሰው ውስጥ ኩራዝ ይዞ ሌላው ከውጭ ቢዞር፣ ብርሃን የሚፈነጥቅበት ቀዳዳ ሁሉ ይታያል።

አምስተኛ፣ በር። ገመድ በር አይዘጋም። መቀርቀሪያ ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ግን በሩን የሚዘጋ አንድ የታወቀ ሰው ያስፈልጋል። «አባትህ ዘግቶት ይሆናል»፣ «እማማ ዘግታው ይሆናል» ሲባባሉ ብዙ ቤት ክፍት አድሯል። ዶሮዎች ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ራሳቸው ይገባሉ። ኃላፊነቱ ለአንድ ሰው ተሰጥቶ፣ ገብተው እንዳበቁ ተቆጥረው ይዘጋ።

አዲስ የመጡ ቄቦች ለአንድ ሳምንት ያህል ከቤቱ ባይወጡ ይመረጣል፤ ማደሪያቸውን የሚለምዱት ያኔ ነው። ከዚያም መጀመሪያ የሚለቀቁት ሊመገቡ ሲሉ፣ ከመግቢያቸው ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ ይሁን። ርቀው ሳይሄዱ ለመኖው ይመለሳሉ።

ቀን ቀን የሚጠብቃቸው ማን ነው?

በመፈልፈያ ማሽን ተፈልፍላ ያለ እናት ያደገች ቄብ፣ የአገሩ ዶሮ ከእናቷ የምትማረውን አልተማረችም። የጭልፊት ጥላ ሲያልፍ ወዴት እንደምትሮጥ አታውቅም። ስለዚህ ግቢው መደበቂያ ያስፈልገዋል። የጌሾ፣ የቡና ወይም የሌላ ቁጥቋጦ ረድፍ፣ አለዚያም ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ ብሎ የተሠራ የጭራሮ ዳስ ይበቃል። ጭልፊት ባዶ ሜዳ ይወዳል፤ ቅጠል ሥር ዘልቆ አይገባም።

ጫጩት ያላት ዶሮ ጉዳይ ይበልጥ ያሳስባል። እናቲቱ እንቁላሉን 21 ቀን ታቅፋ፣ ከዚያም ሁለት ወር ያህል ጫጩቶቿን ስትመራ እንቁላል አትጥልም። በዚህ ሁሉ ድካም ከተፈለፈሉት ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው በአውሬ፣ በብርድና በበሽታ ያልቃሉ። ሁለት ነገር ይህን ይቀንሳል። አንዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጫጩቶቹን ከነእናታቸው በተደፋ ሰፊ ቅርጫት ወይም በሽቦ በተሸፈነ አነስተኛ ጎጆ ውስጥ መመገብ ነው። ሌላው የልማት ባለሙያዎች ሃይቦክስ የሚሉት፣ ዙሪያው በደረቅ ሣር የታጨቀ የጫጩት ማሳደጊያ ሳጥን ነው። ኤሌክትሪክም ከሰልም አይፈልግም፤ የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት ይይዛል። እናቲቱም ቶሎ ወደ እንቁላሏ ትመለሳለች።

በር የማያግደው ጠላት

ቤቱ በሚገባ ተዘግቶም የሚገባ አንድ ጠላት አለ፤ ፈንግል። አንድ መንደር ሙሉ ዶሮ በሳምንት ውስጥ ሊጨርስ ይችላል። በተለይ ክረምቱ ሊገባ ሲል ይበረታል። ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል።

እዚህ ላይ የኅብረት ሥራ ጥቅም ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ብልቃጥ ክትባት ለብዙ ዶሮዎች የሚበቃ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላም በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። አምስት ዶሮ ላላት እናት ብቻዋን መግዛቱ ኪሳራ ነው። የጎጥ አባላት ቀን ቆርጠው በአንድ ጠዋት ዶሮዎቻቸውን ካስከተቡ ግን ወጪው ለእያንዳንዱ ጥቂት ይሆናል። ከገበያ የመጣች አዲስ ዶሮም ከነባሮቹ ሳትቀላቀል ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ።

መርዝ መፍትሔ አይደለም

ዶሮው የተበላበት ሰው ይናደዳል፤ ተገቢም ነው። አንዳንዱ ግን በንዴት ሥጋ ላይ መርዝ ነስንሶ ያስቀምጣል። መርዙ ሌባውን አይመርጥም። የራሱን ውሻ፣ የጎረቤቱን ድመት፣ በድኑን የሚያነሱትን ጥንብ አንሳዎች ይገድላል፤ ለሕፃናትም አደጋ ነው። በደጋው አካባቢ ደግሞ ቀይ ቀበሮ አለ። ይህ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኝ፣ የጎለመሱት ቁጥራቸው ከ500 የማይበልጥ እንስሳ ዋና ምግቡ የገበሬውን ሰብል የምታጠፋው አይጥ ናት። እሱን መግደል ወዳጅን መግደል ነው። ቀዳዳ የደፈነ ሰው መርዝ አያስፈልገውም።

ከማኅበራትና ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠበቅ

የተከበራችሁ አመራሮች፣

በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት «ይህን ያህል ዶሮ ተሠራጨ» ይባላል። ከሦስት ወር በኋላ ስንቱ በሕይወት እንዳለ ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። የተሠራጨ ዶሮ እንቁላል አይጥልም፤ እንቁላል የሚጥለው የተረፈው ነው። በመሆኑም በሪፖርቱ ላይ አንድ ዓምድ ቢጨመር፣ ከሦስት ወርና ከስድስት ወር በኋላ የተረፉት ቢቆጠሩ፣ የሥራው እውነተኛ ውጤት ይታያል።

መሠረታዊ ማኅበራትም ለቄብ መግዣ ብድር ከመፍቀዳቸው በፊት አንድ የኮሚቴ አባል ቤቱን ሄዶ ቢያይ፣ ብድሩም በሁለት ቢከፈል፣ መጀመሪያ ለሽቦና ለመቀርቀሪያ፣ ቤቱ ሲያልቅ ለዶሮዎቹ፣ ተበዳሪዋም ማኅበሩም ከኪሳራ ይድናሉ። ጠንካራ ሽቦ ለአንድ ሰው ሲገዛ ውድ ነው፤ ዩኒየኑ ማዳበሪያን በጅምላ እንደሚያመጣው ሽቦንም በጥቅል አምጥቶ በሜትር ቢያከፋፍል ዋጋው ይወርዳል። 20 ዶሮ ማስተዳደር ያልለመደችም በአምስት ወይም በስድስት ትጀምር። አምስቱን ዓመት ያቆየች ሃያውን ታቆያለች። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዳይሆን ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበር የተመሠረተው አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን በጋራ ለመቻል ነው። የአንዲት እናት 11 ዶሮ በአንድ ሌሊት ማለቅ ለአገር ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ለእሷ ግን የዓመት ደብተር፣ የዓመት ጨው፣ እንደገና ለመሞከር የሚያስፈልግ ድፍረትም ነው። ይህን ማዳን የሚቻለው በጥቂት ሜትር ሽቦ፣ በአንድ መቀርቀሪያ፣ ምሽት ላይ በሩን በሚዘጋ አንድ እጅ ነው።

መጀመሪያ ቤቱ፣ ቀጥሎ ዶሮዋ።

መልካም የምሥረታ በዓል!