የትኛው ባትሪ ነው?

(በተመራቂዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



የተሰጠኝ ሰዓት አጭር ስለሆነ ስለ አንድ ስህተቴ ብቻ ላጫውታችሁ። የምኖረው ሱሉልታ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ከሱሉልታም፣ ከቡራዩም፣ ከሰበታም ጠዋት ጠዋት አዲስ አበባ የሚገባው የኤሌክትሪክ መኪና በርክቷል። ከሰበታ የሚነሳው ባቡር ኃይሉን ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ እየሳበ ጅቡቲ ይደርሳል፤ መኪናችን ግን ስንቁን ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ባትሪው ከዕቃዎቹ ሁሉ ውዱ ነው።

የእህቴ ልጅ በብድር መኪና ገዝቶ ታክሲ ይሠራል። «ጋሼ፣ ባትሪው እንዲቆይልኝ ምን ላድርግ?» አለኝ። እኔ የኬሚስትሪ ምሩቅ አይደለሁ! «ከ80 ፐርሰንት በላይ እንዳትሞላ» አልኩት። ምክሩ መሠረት አልነበረውም አይባልም። ሊቲየም-አዮን ባትሪ ጢም ብሎ ሞልቶ ሲቀመጥ፣ በተለይ በሙቀት፣ ኤሌክትሮላይቱ ከኤሌክትሮዶቹ ጋር እየተዋሃደ ሊቲየሙን ይጨርሰዋል።

ልጁ ታዛዥ ነው፤ ለወራት ከ80 አላለፈም። አንድ ማታ ተሳፋሪ ጭኖ እንጦጦን ሲወጣ፣ ስክሪኑ 15 ፐርሰንት እያሳየ መኪናው ቀጥ አለ።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳልጠይቅ መከርኩ። የእሱ ባትሪ ሊቲየም-ብረት-ፎስፌት ነበር። የዚህ ዓይነቱ ቮልቴጅ ለረጅም ጊዜ ሳይለወጥ ስለሚቆይ፣ 70 ይሁን 40 ኮምፒውተሩ መለየት ይቸግረዋል። አልፎ አልፎ፣ ብዙ አምራቾች እንደሚመክሩት በሳምንት አንዴ፣ እስከ 100 ካልሞላ ቆጣሪው ይሳሳታል። ኒኬልና ኮባልት ላለበት ባትሪ ግን ለዕለት ሥራ 80 ይበቃል፤ 100 የሚሞላው ለሩቅ መንገድ፣ ያውም ሊነሱ ሲሉ ነው።

ለሁለቱም የሚሆን ምክር አለ። ባዶውን አታሳድሩት። ፈጣኑን ቻርጀር ለቸገረ ቀን አቆዩት። ከዜሮ ዲግሪ በታች በቀዘቀዘ ባትሪ ላይ ሲሞላ ሊቲየሙ ግራፋይቱ ውስጥ በመግባት ፈንታ ላዩ ላይ ይለበጣል፤ ስለዚህ በውርጭ ወራት ንጋትን አትጠብቁ፣ ማታ እንደገባችሁ ባትሪው ሳይበርድ ሰኩት። ከእንጦጦ የምትወርዱም ቁልቁለቱ የሚመልሰውን ኃይል መቀበያ ቦታ ተዉለት።

የልጁ መኪና መመሪያ በቻይንኛ ነው። እሱ የጠየቀው እኔን ነበር፤ ሌላው ሾፌር ማንን ይጠይቅ? እኛና መምህራኖቻችን ተቀምጠን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አንድ ገጽ ብናዘጋጅ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። የመጀመሪያው መስመር «የትኛው ባትሪ ነው?» ይሁን። ረቂቁን ይዤ መጥቻለሁ፤ ከምሳ በኋላ በሩ ጋ አገኛችኋለሁ።