ጉባኤ ቤቱና ኮሌጁ፦ ነገረ ሃይማኖትንና የቤተ ክርስቲያን ታሪክን ስለ ማስተማር
(ለሰበካ ጉባኤ ተወካዮችና ለካህናት የተሰጠ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ የተከበራችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት፤

በመንፈሳዊ ኮሌጅ ነገረ ሃይማኖትንና የቤተ ክርስቲያን ታሪክን የምናስተምር መምህራን ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ኮሌጁ ሕንፃና ስለ ተመራቂዎቹ ቍጥር ለመናገር አይደለም። የኮሌጁ ትምህርት በየአጥቢያችሁ ካለው የአብነት ትምህርት ቤት እንደሚጀምር፣ ያ ሲደክም የእኛም አብሮ እንደሚደክም ለማሳሰብ ነው።

የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ በደርግ ዘመን ተዘግቶ እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ። በሩ በተዘጋባቸው ዓመታት ትርጓሜው፣ ቅኔውና ዜማው ያልጠፉት በየገዳሙና በየደብሩ ወንበር ዘርግተው የሚያስተምሩ የኔታዎች ስለ ነበሩ ነው። ኮሌጅ ቢዘጋ በሌላ ዘመን ሊከፈት ይችላል፤ የአንድ ጉባኤ ቤት የመምህራን ሐረግ ከተቆረጠ ግን በደብዳቤ አይቀጠልም።

ኮሌጁ በዚህ ላይ ምን ይጨምራል? በምሳሌ እናስረዳ። ተማሪው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ተሹሞ እንደ መጣ ከስንክሳር ሰምቶ ይመጣል። እኛ ደግሞ ምስክሮቹን እንዲቈጥር እንጠይቀዋለን። በላቲን የጻፈው ሩፊኖስ ታሪኩን ከፍሬምናጦስ ባልንጀራ ከኤዴስዮስ አፍ እንደ ሰማ ይናገራል። አርዮሳዊው ንጉሥ ቈስጠንጢዮስ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ እንዲመረመር ለኢዛናና ለሳይዛና የላከውን ደብዳቤ ቅዱስ አትናቴዎስ በመጽሐፉ ጠብቆልናል። የኢዛና ገንዘብም መጀመሪያ የጨረቃ ምልክት፣ በኋላ መስቀል ተቀርጾበት ይገኛል። ወዳጅም ባላጋራም፣ ብራናም ብረትም በአንድ ነገር ሲመሰክሩ ያየ ተማሪ የአባቶቹ ትውፊት ምርመራን እንደማይፈራ ይረዳል።

በነገረ ሃይማኖትም እንዲሁ ነው። ከ451 ዓ.ም. የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ በውጭ መጻሕፍት ቤተ ክርስቲያናችን የክርስቶስን ሰውነት እንደምትክድ ተደርጎ ብዙ ተጽፏል። ቤተ ክርስቲያናችን ግን አውጣኪን ታወግዛለች፤ መለኮትና ትስብእት ያለ ቱሳሔ፣ ያለ ውላጤ፣ ያለ ቡዓዴ በተዋሕዶ አንድ እንደ ሆኑ ታስተምራለች። ይህን ለመመለስ ቁጣ አይበቃም። በአክሱም ዘመን ከጽርእ የተተረጐመውን መጽሐፈ ቄርሎስን፣ እንዲሁም ሃይማኖተ አበውን በግእዝ አንብቦ፣ ተቃዋሚው የሚለውንም በራሱ ቋንቋ ተረድቶ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ተማሪ ግእዙን ከምንጩ ይቀዳል፤ የውጭ ቋንቋና የዘመን ቍጥር ግን ይቸግረዋል። ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ብቻ የመጣው የውጭውን መጽሐፍ ያነባል፤ የራሱን አባቶች ግን ባዕዳን ስለ እነርሱ ከጻፉት ይማራል። ለመጀመሪያው የጎደለውን በኮሌጅ ዓመታት ልናሟላለት እንችላለን። የሁለተኛውን ጉድለት ግን በእነዚያ ዓመታት መሙላት ይከብደናል፤ ቅኔና ትርጓሜ ረጅም ዘመን ይፈልጋሉና።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን።

አንደኛ፣ የየኔታን ቀለብና ደመወዝ በሰበካ ጉባኤው በጀት ውስጥ አስገቡ። አኮፋዳ አንግቶ ቁራሽ የሚለምን ተማሪ በቀድሞው ዘመን መንደሩ ያኖረው ነበር፤ ዛሬ በብዙ ቦታ በሩ ይዘጋበታል፣ ውሻ ይለቀቅበታል። ለጉልላት ቆርቆሮ የምንሰበስብ ሰዎች ከጉልላቱ በታች ቆሞ የሚቀድሰው ከየት እንደሚመጣ አብረን እናስብ። ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃና ለጎጆው ደረቅ ወለልም የትምህርቱ ክፍል ናቸው፤ ተማሪውን ከጉባኤ የሚያስቀረው የትምህርቱ ክብደት ብቻ ሳይሆን የሆድ ሕመምና እከክም ነው። ልማት ከስብከተ ወንጌል የተለየ ሥራ አይደለም የምንለው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ወደ ኮሌጅ የምትልኩትን በዝምድና ሳይሆን በመምህሩ ምስክርነት ምረጡ። ሲመለስም የሚያስተምርበትን ቦታና የሚኖርበትን ደመወዝ አስቀድማችሁ በቃለ ጉባኤ አስፍሩ። ተመራቂው በከተማ ቀረ ብለን ከመውቀሳችን በፊት፣ የተመለሰው ምን እንደ ጠበቀው መጠየቅ ይገባናል።

ሦስተኛ፣ በዕቃ ቤታችሁ ያሉትን መጻሕፍት መዝግቡ። በወንጌሉ ኅዳግ የተጻፈው የርስት ስጦታ፣ የአለቆች ስም፣ የረኃብና የወረርሽኝ ማስታወሻ በሌላ ቦታ የማይገኝ ታሪክ ነው። ያረጀ ነው ተብሎ የሚጣል፣ ለመንገደኛም የሚሸጥ ቅጠል አይኑር። መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ በደብሩ፣ አንዱ በወረዳው ቤተ ክህነት ይቀመጥ።

እኛም በበኩላችን ከጉባኤ ቤት የሚመጣውን ተማሪ እንደ መሃይም ሳንቆጥር፣ የያዘውን አክብረን የጎደለውን ልንጨምርለት ይገባል። የኔታና የኮሌጅ መምህር የአንድ ቤት ሁለት ሠራተኞች ናቸው፤ የሚያገናኛቸው ድልድይ ግን የእናንተ ሰበካ ነው። የዘንድሮ በጀታችሁን ስትወስኑ በዝርዝሩ ውስጥ የየኔታ ስም መኖሩን ተመልከቱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።